ከፕሮሰሰሩ በፊት ማዘርቦርዱና ፓወር ሰፕላዩ

ኮምፒውተር ራሱ ሊገጣጥም የተነሳ ሰው ብዙውን ጊዜ ብሩን ፕሮሰሰርና ግራፊክስ ካርድ ላይ ይጨርሳል። ማዘርቦርዱን በተረፈችው ይገዛል፤ ፓወር ሰፕላዩ ደግሞ ከኬዙ ጋር የመጣው ይሆናል። እኔም የመጀመሪያውን የገጣጠምኩት እንዲሁ ነበር። አንድ ማታ መብራት ሄዶ ሲመለስ ከኬዙ ጀርባ «ጧ» አለና የተቃጠለ ሽታ ቤቱን ሞላው። ፓወር ሰፕላዩ ብቻውን አልሄደም፤ ማዘርቦርዱንም ይዞ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ምርጫዬን የምጀምረው ከሁለቱ ነው።

ማዘርቦርድ ላይ ቀድሞ የሚታየው የፕሮሰሰሩ ሶኬት ነው። የኤኤምዲው ኤኤም4 (እ.ኤ.አ. 2016) ዲዲአር4 ራም ይቀበላል፤ በ2022 የመጣው ኤኤም5 ግን ዲዲአር5 ብቻ ነው። በኢንቴሉ ኤልጂኤ1700 አንዱ ቦርድ ዲዲአር4፣ ሌላው ዲዲአር5 ስለሆነ ካርቶኑን ሳያነብቡ መክፈል አይገባም። ሁለቱን ራሞች ጎን ለጎን ብታስተያዩአቸው ርዝመታቸው እኩል ነው፤ ከታች ያለችው ጎድጓዳ ግን ቦታዋ ይለያያል። አልገባ ያለውን ራም በጉልበት መግፋት ማስገቢያውን ማበላሸት ነው። በቆየ የኤኤም4 ቦርድ ላይ አዲስ ፕሮሰሰር ከተፈለገ ደግሞ ባዮሱ መታደሱን ሻጩን ጠይቁ። መጠኑን በተመለከተ፣ 24.4 በ24.4 ሴንቲ ሜትር የሆነው ማይክሮ ኤቲኤክስ ለአብዛኛው ሰው ይበቃል።

ፓወር ሰፕላይ ከግድግዳ የሚመጣውን 220 ቮልት ወደ 12፣ 5 እና 3.3 ቮልት ይቀይራል። ፕሮሰሰሩና ግራፊክስ ካርዱ በዋናነት የሚመገቡት ከ12ቱ ነው። ስለዚህ በትልቁ የተጻፈውን ዋት ትታችሁ ጎኑ ላይ የተለጠፈውን ሠንጠረዥ አንብቡ። «500 ዋት» ተብሎ የ12 ቮልቱ መስመር 25 አምፔር ብቻ ከሆነ፣ 12 በ25 ሲባዛ 300 ዋት ነው። ሌላው ቁጥር ለእነዚህ ዕቃዎች አይጠቅምም። አርቲኤክስ 4060 የተባለው ግራፊክስ ካርድ ራሱ የሚፈጀው 115 ዋት ቢሆንም ኤንቪዲያ 550 ዋት ፓወር ሰፕላይ ይመክራል፤ ትርፉ ለፕሮሰሰሩ፣ ለሌላው ዕቃና ለመጠባበቂያ ነው።

«80 ፕላስ ብሮንዝ» ወይም «ጎልድ» የሚለው ምልክት ከግድግዳ ከተወሰደው ኃይል ምን ያህሉ ሳይባክን እንደሚደርስ ይናገራል እንጂ ለዕድሜው ዋስትና አይሰጥም።

ዘመድ ከአሜሪካ ከላከላችሁ፣ ከመሰካታችሁ በፊት ጀርባውን ተመልከቱ። አንዳንዱ ላይ 115 እና 230 የሚል ትንሽ መቀየሪያ አለ፤ 115 ላይ እንዳለ 220 ካገኘው ወዲያው ይቃጠላል። ከ100 እስከ 240 ቮልት የሚል ከሆነ ግን ስጋት የለም። ወደ ማዘርቦርዱና ወደ ሌላው ዕቃ የሚሄደው ገመዱ የሚነቀል ከሆነ የሌላ ፓወር ሰፕላይ ገመድ አትሰኩበት፤ ጫፉ ልክ ቢገባም የሽቦዎቹ አደራደር ሊለይ ይችላል። ሲበላሽም አትፍቱት፤ ከግድግዳ ከተነቀለ በኋላም ውስጡ ያለው ካፓሲተር ኤሌክትሪክ ይይዛል።

ብር ካጠረና ፕሮሰሰራችሁ የራሱ ግራፊክስ ካለው፣ ግራፊክስ ካርዱን ለሌላ ጊዜ አቆዩት። ፓወር ሰፕላዩን ግን አሁኑኑ ደህናውን ግዙ።