«ላግባሽ» ሲል የትኛውን ጋብቻ ማለቱ ነው?

እሑድ ከጸሎት በኋላ ለእህቶች ከተሰጠው ትምህርት

ባለፈው ወር ከጸሎት በኋላ አንዲት እህታችን ወደ ዳር ጠርታ አንድ ነገር ጠየቀችኝ። ከማዳሟ ሰፈር ሱቅ ዕቃ የሚያደርስ ልጅ ሊያገባት ይፈልጋል። «ሰው መጥራት አያስፈልግም፤ እኔና አንቺ ቃሉን ከተናገርን ይበቃል፤ በሃይማኖታችን ሐላል ነው» ብሏታል። «እውነቱን ነው ወይስ እያታለለኝ ነው?» አለችኝ። ልጁ ላይዋሽም ይችላል። እሷ «ጋብቻ» ስትል በልቧ ያለው ነገርና እሱ «ዘዋጅ» ሲል የሚያስበው ግን አንድ ላይሆን ይችላል። ዛሬ የምናወራው ስለዚህ ነው። ሙስሊም እህቶቻችንም አብረውን ስለተቀመጡ የሁለቱንም እምነት ሳላጣምም ለመናገር እሞክራለሁ፤ ከሳትኩ አርሙኝ።

ከሚስማሙበት ልጀምር። ሁለቱም ከጋብቻ ውጭ የሚደረገውን ይከለክላሉ። እኛ ዝሙት እንለዋለን፣ እነሱ ዚና። «ለወንድ ነውር የለውም» የሚለው የሰፈር ወሬ ነው እንጂ ከሁለቱ ከአንዱም አልመጣም። በሱረቱ አን-ኑር ቅጣቱ ሲነገር ሴቲቱም ወንዱም ለየብቻ ተጠርተዋል።

እዚህ ላይ በግልጽ መነገር ያለበት ነገር አለ። አንዳንድ አሠሪ ወይም የአሠሪ ልጅ «ገንዘብ ከፍዬብሻለሁ፣ በቤቴ ነሽ፣ ለእኔ ሐላል ነሽ» ይላል። ውሸት ነው። በጥንት ዘመን ጌታ ባሪያውን የሚይዝበት ሕግ ነበር። እናንተ ግን ለደሞዝ የምትሠሩ ነጻ ሰዎች ናችሁ፤ ለኤጀንሲ የተከፈለ ገንዘብ ሰው አይገዛም። የእስልምና ሕግ ይህን ዚና ይለዋል። በግድ ከሆነ ደግሞ ኃጢአቱ የእሱ ነው፤ በእናንተ ላይ ምንም የለም።

በባልና ሚስት አልጋ ላይ ግን አመለካከታቸው ይለያያል። በእስልምና ምንኩስና የለም፤ ማግባት የሃይማኖት ግማሽ ነው ይባላል። በረመዳን ባልና ሚስት ቀን ይታቀባሉ እንጂ ሌሊቱ ተፈቅዶላቸዋል። በእኛ ደግሞ ድንግልናና ምንኩስና ትልቅ ክብር አላቸው፤ ኦርቶዶክሶች በዐቢይ ጾም፣ በረቡዕና በዓርብ አልጋ ይለያሉ። ከዚህ የተነሣ ብዙዎቻችን ገላችንን እንደ ኃጢአት ዕቃ እናየዋለን። ጳውሎስ ግን በ1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 7 ባል በሚስቱ ገላ ላይ ሥልጣን እንዳለው ሁሉ ሚስትም በባሏ ገላ ላይ ሥልጣን እንዳላት ይናገራል፤ መለያየትም ሁለቱ ሲስማሙ ብቻ ነው። በዚያ ዘመን እንዲህ ያለ እኩልነት መጻፉ ሁልጊዜ ይገርመኛል። ፍቅርም ለአንዱ ሃይማኖት ብቻ የተሰጠ አይደለም። ሱረቱ አር-ሩም በባልና ሚስት መካከል ያለውን ፍቅርና ርኅራኄ ከአምላክ ምልክቶች ይቆጥረዋል፤ ኤፌሶን ምዕራፍ 5ም ባል ሚስቱን እንደ ገዛ ሥጋው እንዲወዳት ያዛል።

ዋናው ልዩነት ጋብቻው ራሱ ምንድን ነው በሚለው ላይ ነው። ለእኛ ቃል ኪዳን ነው፤ ለኦርቶዶክስና ለካቶሊክ ደግሞ ከምሥጢራት አንዱ ነው። አንድ ወንድ፣ አንዲት ሴት፣ እስከ ሞት። እርግጥ ነው፣ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ አገር ቤት ስንቱ ነው በተክሊል የተጋባው? አብዛኛው በሰማንያ ተጋብቶ ቁርባኑን ለእርጅና ያቆየዋል፤ ቁርባን እንደማይፈታ ስለሚያውቅ ይፈራዋል። ያም ሆኖ «አገባሁ» ስንል በልባችን ያለው ሥዕል ያ የማይፈታው ነው።

በእስልምና ጋብቻ ውል ነው። ይህን ስትሰሙ አታቃልሉት፤ ቁርኣንም እንደ ከባድ ቃል ኪዳን ነው የሚቆጥረው። ግን እንደማንኛውም ውል ቃሎቹ ይነገራሉ፣ ይጻፋሉ። እዚህ ቤሩት ከትብ ክታብ ሲሉ ሰምታችኋል። የሙሽራዋ ፈቃድ አለ፣ በሱኒዎች ዘንድ ሁለት ምስክሮች አሉ፣ መህር አለ። መህር ለወላጆች እንደሚሰጥ ማጫ አይደለም፤ የሴቲቱ የራሷ ገንዘብ ነው። ከፊሉ ሲጋቡ ይከፈላል፣ ሙቀደም ይሉታል፤ ከፊሉ ደግሞ ሙአኸር ይባላል፣ ፍቺ ወይም ሞት ሲመጣ የሚከፈል ነው። የማዳማችሁ ልጅ ስትታጭ አባቷና አጎቶቿ ስለ ሙአኸሩ ሲከራከሩ ሻይ እያቀረባችሁ ሰምታችሁ ይሆናል። ስግብግብነት አይደለም። ባል በቃሉ ሊፈታት ስለሚችል የተጻፈው ገንዘብ እጁን ይይዘዋል፤ ቢፈታትም ባዶ እጇን አትወጣም።

የእኛ እህት ግን በልቧ ተክሊል ይዛ ወደ ውል ትገባለች። ፍቅር ካለ ስለ ገንዘብ ማውራት ነውር ይመስላታል። አባት የለ፣ አጎት የለ፣ የሚከራከርላት የለም። መህሩ ለስሙ ያህል ይጻፋል፣ ወይም ጭራሽ አይጻፍም። እንዲህ እያለች የባለቤቶቹ ሴቶች ልጆች ያለ ጥበቃ በማይገቡበት ቤት ያለ ምንም ጥበቃ ትገባለች።

አሁን ወደ ልጁ ልመለስ። ልጁ ሺዓ ነው። በሺዓዎች ዘንድ ከቋሚው ጋብቻ ሌላ ሙትዓ የሚባል ጊዜያዊ ጋብቻ አለ፤ ሱኒዎች አይቀበሉትም። ጊዜውና መህሩ መታወቅ አለባቸው። ጊዜው አንድ ቀንም አንድ ዓመትም ሊሆን ይችላል። በሕጋቸው ምስክር ግዴታ ስላልሆነ ሁለት ሰዎች ብቻቸውን ቃል ተለዋውጠው ይጨርሱታል። ቀኑ ሲያልቅ ያለ ፍቺ ያበቃል። ሴቲቱ ካልተዋዋለች ቀለብ አታገኝም፣ ውርስም የላትም። ልጅ ቢወለድ ግን የአባቱ ሕጋዊ ልጅ ነው። ከክርስቲያን ሴት ጋርም እንዲህ መጋባትን ብዙዎቹ ሊቃውንቶቻቸው ይፈቅዳሉ። ስለዚህ ልጁ «ሐላል ነው» ሲል በእሱ ወገን ሕግ ልክ ሊሆን ይችላል።

«ወይ ጉድ!» ያላችሁ አላችሁ፤ ሰማኋችሁ። ቀስ በሉ። በእኛም አገር፣ ያውም በክርስቲያኖቹ መካከል፣ የደሞዝ ጋብቻ የሚባል ነበር። ከቤቱ ርቆ የሚሰነብት ሰው ሴቲቱን በወር ይህን ያህል ብሎ ተዋውሎ ያኖራት ነበር፤ ምግቡንም ታበስላለች፣ አልጋውንም ትጋራለች። ቤተ ክርስቲያን አልባረከችውም፤ ሰው ግን ይኖርበት ነበር። ነገር ግን በደሞዝ የገባች ሴት በደሞዝ መግባቷን አውቃ ነው። ለእህታችን ስሙ አልተነገራትም። እኔን ያስቆጣኝ ይኸ ነው።

እንግዲህ የቤተ ክርስቲያናችን ምክር ታውቁታላችሁ፤ በእምነታችሁ ውስጥ አግቡ ነው። የኦርቶዶክስ ቄስ ክርስቲያንና ሙስሊምን አያጋባም፤ የካቶሊክ ጳጳስ ግን ልዩ ፈቃድ ሊሰጥ ይችላል። ነገር ግን ከመካከላችሁ ሙስሊም የምታገባ እንዳለች አውቃለሁ፤ ዝም ብያት ከምትጎዳ አውቃ ትግባ።

መጀመሪያ፣ «ካልሰለምሽ አላገባሽም» የሚል ሱኒ ካለ፣ ሱረቱ አል-ማኢዳህ ለሙስሊም ወንድ ክርስቲያን ሴት እንደፈቀደለት ንገሩት። ማመን የልብ ነው፤ ለወረቀት ብላችሁ አትለውጡት። ግን ደግሞ ይህን እወቁ፦ በሃይማኖቷ የጸናች ሚስት ከሙስሊም ባሏ አትወርስም። ባልየው ከፈለገ ከንብረቱ እስከ ሲሶ ድረስ በኑዛዜ ሊሰጣት ይችላል፤ ይህን ግን በሕይወት ሳለ ማድረግ አለበት። ሁለተኛ፣ ሌላ ሚስት አለችህ ወይ ብላችሁ ጠይቁ፤ እስከ አራት ተፈቅዶለታልና። እ.ኤ.አ. በ1917 የወጣው የኦቶማን የቤተሰብ ሕግ በሊባኖስ ሱኒዎች ዘንድ እስካሁን ይሠራበታል፤ በእሱ መሠረት ሴቲቱ «በላዬ ላይ ሌላ እንዳታገባ» ብላ በውሉ ማስጻፍ ትችላለች። ራሷ የመፍታት መብትም፣ ዒስማ የሚሉት፣ ሊጻፍላት ይችላል። ሙአኸሩም በቁጥር ይጻፍ።

ሙስሊም እህቶቼ፣ የእናንተ በተገላቢጦሽ ነው። ክርስቲያን ወንድ ብትወዱ እሱ ካልሰለመ ኒካህ የሚያስርላችሁ ሼኽ የለም። ወሎ ቢሆን ሽማግሌ ይገባል፣ ቤተሰቡ መክሮ አንድ መላ ይፈልጋል፤ ሁለት ሃይማኖት በአንድ ቤት ያለበት ቤተ ዘመድ ለእኛ አዲስ አይደለም። እዚህ ያ ሁሉ የለም። ሊባኖስ ውስጥ የሲቪል ጋብቻ አይፈጸምም፤ 18 የታወቁ የሃይማኖት ወገኖች አሉ፣ ጋብቻና ፍቺ በየሃይማኖቱ ፍርድ ቤት ነው። ሲቪል የሚፈልግ ቆጵሮስ ሄዶ ይጋባል፤ ተመልሶ ሲያስመዘግብ ይታወቅለታል። ለእኛ ኢቃማችን በከፊል እጅ ላለ ሰዎች ግን ቆጵሮስ ሩቅ ናት።

ለእህታችን የመለስኩላት እንዲህ ነበር። «ቋሚ ነው ወይስ ሙትዓ?» ብለሽ በስሙ ጠይቂው። ቋሚ ነው ካለ በሃይማኖቱ ፍርድ ቤት ይጻፍ፣ በመንግሥት መዝገብም ይግባ፤ የሊባኖስ ሰው ሚስት ጋብቻዋ ከተመዘገበ ከአንድ ዓመት በኋላ ዜግነት መጠየቅ የምትችለው በዚያ መዝገብ ነው። በቃል ብቻ ያለ ጋብቻ ይህን አይሰጥም። እስከዚያ ድረስ በሩን ዝጊ አልኳት፤ ሳቀች።

ከዚህ በፊት ወልዳችሁ ወረቀት ለሌላችሁም አንድ ቃል። ሐኪሙ ወይም አዋላጇ የሚፈርሙትን የልደት ወረቀት አትጣሉ፤ ለሙኽታር የሚቀርበው እሱ ነው። ልደቱ በአንድ ዓመት ውስጥ ካልተመዘገበ ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል። አባቱ ቢክደውም ልጁ አገር የለሽ አይደለም፤ በአዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት እናቱ ኢትዮጵያዊት የሆነች ልጅ ኢትዮጵያዊ ነው። ወረቀቱ ያላችሁ በሚቀጥለው እሑድ ይዛችሁ ኑ፤ አብረን እናየዋለን።