መያዝ፣ መበርበርና ዋስትና፦ ስለ ፖሊስ ሥልጣን የሚባለውና ሕጉ የሚለው

በኢትዮጵያ ሕግ ፖሊስ ሰውን ይይዛል፣ ማስረጃ ይሰበስባል፣ የተጠርጣሪንና የምስክርን ቃል ይቀበላል። የተያዘው ሰው ታስሮ ይቆይ ወይስ ይለቀቅ የሚለውን የመጨረሻ ውሳኔ የሚሰጠው ግን ፍርድ ቤት ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 17፣ 19፣ 20 እና 21 ያሰፈረው ሁሉ ከዚህ ክፍፍል ይመነጫል፤ በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግም ዝርዝሩን የሚሰጠው በዚሁ መንገድ ነው። በሰፈርና በየመሥሪያ ቤቱ ሲነገሩ የሚሰሙት የተሳሳቱ እምነቶች አብዛኛዎቹ የፖሊስንና የፍርድ ቤትን ድርሻ ካለመለየት የመጡ ናቸው።

ከሁሉ በላይ የተስፋፋው እምነት «ፖሊስ ያለ ፍርድ ቤት ማዘዣ ማንንም መያዝ አይችልም» የሚለው ነው። መነሻው ትክክል ነው፤ ደንቡ በማዘዣ መያዝ ነውና። ሕጉ ግን ሰፊ ልዩ ሁኔታዎችን አስቀምጧል። ወንጀል ሲፈጽም ወይም ፈጽሞ ሲወጣ እጅ ከፍንጅ የተገኘ ሰው፣ ድርጊቱም ቢያንስ ሦስት ወር ቀላል እስራት የሚያስቀጣ ከሆነ፣ ያለ ማዘዣ ሊያዝ ይችላል። ሌባ ተብሎ ኡኡታ የተነሣበትና ሕዝብ እያሳደደው ያለ ሰውም እጅ ከፍንጅ እንደተያዘ ይቆጠራል። በዚህ ጊዜ የሚይዘው ፖሊስ ብቻ መሆን የለበትም፤ ማንኛውም ግለሰብ ይዞ ሳይዘገይ ለቅርቡ ፖሊስ ማስረከብ ይችላል። መያዝና ማስረከብ ተፈቀደ ማለት ግን መደብደብ ተፈቀደ ማለት አይደለም። በመንደር ሌባን ቀጥቅጦ ማስረከብ እንደ መብት ሲቆጠር ይታያል፤ በሕጉ ፊት ራሱን የቻለ ወንጀል ነው። ከዚህ ሌላ አንድ ሰው አንድ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ በሚያስቀጣ ወንጀል በበቂ ምክንያት ከተጠረጠረ ፖሊስ ብቻውን ያለ ማዘዣ ሊይዘው ሥልጣን አለው። ስለዚህ ከፖሊስ ጋር መንገድ ላይ ቆሞ «ወረቀት ካላሳየኸኝ አልሄድም» ብሎ መታገል ብዙ ጊዜ ከሕግ ጋር አይሄድም። በኃይል መቃወም ራሱ ሌላ ክስ ያስከትላል፤ የመያዙን ሕጋዊነት መከራከሪያ ቦታው ችሎት ነው።

መጥሪያና የመያዣ ማዘዣም ይምታታሉ። መርማሪ ፖሊስ በወንጀል የጠረጠረውን ሰው በጽሑፍ መጥሪያ መጥራት ይችላል። መጥሪያ የደረሰው ሰው ታሰረ አይባልም፤ ቀርቶ ዝም ቢል ግን ተይዞ ሊቀርብ ይችላል።

«ተፈላጊው ከተሰወረ ወንድሙ ወይም ሚስቱ ይያዛሉ» የሚለው ልማድ ምንም ሕጋዊ መሠረት የለውም። የወንጀል ኃላፊነት የግል ነው። ዘመድ የሚያዘው ራሱ በድርጊቱ ተካፍሎ ወይም ተፈላጊውን ደብቆ ከሆነ፣ በራሱ ጥርጣሬ ብቻ ነው። ተፈላጊው እስኪመጣ በመያዣነት ማስቀመጥ በሥነ ሥርዓት ሕጉም ሆነ በሕገ መንግሥቱ የትም አይገኝም።

ቤትን መበርበር ሌላው የውዝግብ ምንጭ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 26 የግለሰብን ቤት፣ አካልና ንብረት ከዘፈቀደ ፍተሻ ይጠብቃል፤ በስልክና በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚደረግ ግንኙነትም በዚሁ አንቀጽ ጥበቃ አለው። ብርበራ በመርሕ ደረጃ የፍርድ ቤት ማዘዣ ይጠይቃል። ማዘዣው የሚፈለገውን ዕቃ ይገልጻል፤ ፍርድ ቤቱ በግልጽ ካላዘዘ በቀር ብርበራው የሚካሄደው ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። እኩለ ሌሊት ላይ የመጣ በርባሪ እንግዲህ ወይ ይህን የሚፈቅድ ትእዛዝ በእጁ መኖር አለበት፣ ወይ ሕጉ ከዘረዘራቸው ልዩ ሁኔታዎች በአንዱ ውስጥ መሆን አለበት። ልዩ ሁኔታዎቹ ጥቂት ናቸው፦ እግር በእግር ሲሳደድ የነበረ ተጠርጣሪ ቤት ገብቶ ሲገኝ፣ ወይም ከሦስት ዓመት በላይ በሚያስቀጣ ወንጀል ማስረጃ የሚሆን ዕቃ ተደብቋል የሚል ጥቆማ መጥቶ ማዘዣ እስኪወጣ ዕቃው ይሸሻል ተብሎ ሲታመን። ቤቱ የሚበረበርበት ሰው ማዘዣውን ማንበብ፣ የተወሰደው ዕቃ በዝርዝር እንዲመዘገብ መጠየቅና ያልተስማማበትን ነገር ሳይፈርም መናገር ይችላል። ይህ ለፖሊስም ይጠቅማል፤ በደንብ ያልተመዘገበ ዕቃ ችሎት ሲቀርብ ለክርክር በር ይከፍታልና።

ስለ 48 ሰዓት የሚባለው ነገር በረዘመ ቁጥር ከሕጉ እየራቀ ሄዷል። አንዳንዱ «48 ሰዓት ካለፈ ይለቀቃል» ይላል። ሌላው «ቅዳሜና እሁድ አይቆጠርም» ይላል። ሕገ መንግሥቱ የሚለው ይህን ነው፦ የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት የመቅረብ መብት አለው፤ ከዚህ የሚቀነሰው ከተያዘበት ቦታ ወደ ፍርድ ቤት ለመጓዝ በአግባቡ የሚያስፈልገው ጊዜ ብቻ ነው። ሰንበትም ሆነ የበዓል ቀን አልተቀነሰም። አርብ ማታ 2 ሰዓት አዲስ አበባ ውስጥ የተያዘ ሰው ሰዓቱ የሚሞላው እሁድ ማታ 2 ሰዓት ነው። ፍርድ ቤቱ በከተማው ውስጥ ስለሆነ የጉዞው ጊዜ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። እንዲህ ያለው ሰው ሰኞ ረፋድ ላይ ሲቀርብ ብዙዎች እንደ ተራ ነገር ያዩታል፤ የሕገ መንግሥቱ ጊዜ ግን አልፏል። ሰዓቱ ሲያልፍ ተጠርጣሪው በራሱ ጊዜ ከጣቢያ አይወጣም። የሚያገኘው ፍርድ ቤትን የአካል ነፃነቱ እንዲከበርለት የመጠየቅ መብት ነው፤ ሕገ መንግሥቱም ይህን ሊጣስ የማይችል መብት ይለዋል። አቤቱታውን ዘመድ ወይም ጠበቃ ሊያቀርብለት ይችላል። ለዚህም ነው ቤተሰብ የተያዘበትን ቀን፣ ሰዓትና ጣቢያ ወዲያው መመዝገብ ያለበት፤ ያለዚህ ሰዓቱን ማስረዳት አይቻልም።

ፍርድ ቤት ከቀረበ በኋላ የሚመጣው ፖሊስ ለምርመራ የሚጠይቀው የጊዜ ቀጠሮ ነው። «14 ቀን ሲሞላ ያበቃል» የሚለው አባባል የሕጉን ግማሽ ብቻ ይዟል። በአንድ ጊዜ ሊፈቀድ የሚችለው ከ14 ቀን አይበልጥም፤ ስንት ጊዜ ሊደገም እንደሚችል ግን የ1954ቱ ሕግ በቁጥር አልወሰነም። የሚገድበው የሕገ መንግሥቱ ቃል ነው፤ የሚፈቀደው ጊዜ ለምርመራው የግድ የሚያስፈልገው ያህል ብቻ መሆን አለበት። ፖሊስ በየቀጠሮው ምን እንደሠራና ምን እንደቀረው ማስረዳት አለበት፤ ዳኛውም ካላመነ ጊዜውን ያሳጥራል ወይም ይከለክላል። እዚህ ላይ የተጠርጣሪው ወገን ዝም ማለት ጎጂ ነው። «የቀሩት ምስክሮች ስንት ናቸው? ባለፈው ቀጠሮ የተባለው ለምን አልተሠራም?» ብሎ መጠየቅ የችሎቱን ሥራ ያግዛል።

በጣቢያ ውስጥ የሚሰጥ ቃል ላይ ሁለት ስሕተቶች ጎን ለጎን ይኖራሉ። አንዱ «ዝም ያለ ሰው ጥፋተኛ ነው» የሚለው ነው። የተያዘ ሰው ላለመናገር መብት አለው፤ የሚናገረው ሁሉ በማስረጃነት ሊቀርብበት እንደሚችልም በሚገባው ቋንቋ ሊነገረው ይገባል። ጥፋተኛነቱን ማስረዳት የከሳሹ ሥራ ነው፤ በሕግ ፊት እስኪፈረድበት ድረስ ነፃ ሆኖ የመገመት መብት አለው። ሌላውና ይበልጥ የሚጎዳው «አሁን ልፈርምና ፍርድ ቤት ስቀርብ እክዳለሁ» የሚለው ነው። በማስገደድ የተገኘ ቃል ተቀባይነት እንደሌለው ሕገ መንግሥቱ በግልጽ ይደነግጋል፤ ተገድጄ ነው የሚለውን ግን ችሎት ውስጥ በባዶ እጅ ቆሞ ማሳመን ቀላል አይደለም። በተለይ ተጠርጣሪው ዳኛ ፊት ቀርቦ በፈቃዱ የሚሰጠውና ዳኛው ጠይቆ የሚመዘግበው ቃል ክብደቱ ከፍ ያለ ነው። እንግዲህ ቃል የሚሰጥ ሰው የተጻፈውን ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ማንበብ፣ ማንበብ ካልቻለ እንዲነበብለት መጠየቅ አለበት። እሱ «አየሁት» ያለው «ያዝኩት» ተብሎ ተጽፎ ከሆነ ከመፈረሙ በፊት እንዲስተካከል ማድረግ መብቱ ነው። አማርኛ በደንብ የማይሰማ ሰው ደግሞ አስተርጓሚ ሊያገኝ ይገባል።

«ጠበቃ የሚያስፈልገው ክስ ሲመሠረት ነው» የሚለውም ከዚሁ ጋር ይያዛል። የሥነ ሥርዓት ሕጉ ታስሮ ያለ ሰው ጠበቃውን ወዲያውኑ ጠርቶ እንዲያነጋግር ይፈቅዳል፤ ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 21 ከትዳር ጓደኛው፣ ከቅርብ ዘመዶቹ፣ ከጓደኞቹ፣ ከሃይማኖት አማካሪው፣ ከሐኪሙና ከጠበቃው ጋር የመገናኘት መብት ሰጥቶታል። ጠበቃ የማቆም አቅም ለሌለው ተከሳሽ፣ ፍትሕ ሊጓደል የሚችል ሲሆን፣ መንግሥት ተከላካይ ጠበቃ ያቆምለታል።

ዋስትና በሰፈር ንግግር «ከዋስ ወጣ፣ ነፃ ሆነ» ተብሎ ይነገራል። ዋስትና ጉዳዩን አይዘጋም፤ ተጠርጣሪው በቀጠሮው ለመቅረብ የሚገባው ግዴታ ነው። በቀላል ጉዳይ ፖሊስ ራሱ በዋስ ሊለቅ ይችላል። የሞት ቅጣት ወይም 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እስራት በሚያስከትል ወንጀል፣ ተጎጂውም ሊሞት በሚችልበት ሁኔታ፣ ዋስትና ሊከለከል ይችላል። ተጠርጣሪው ይጠፋል፣ ሌላ ወንጀል ይሠራል ወይም ምስክር ያባብላል ተብሎ ሲታመንም ፍርድ ቤቱ ይከለክላል። በከባድ የሙስና ወንጀል ላይ ልዩ ሕግ አለ። ክልከላው ግን የፖሊስ ቃል አይደለም፤ የዳኛ ውሳኔ ነው፤ በ20 ቀን ውስጥም ይግባኝ ይባልበታል።

ሽምግልናን በተመለከተ ያለው እምነት በብዙ ቤቶች ዋጋ አስከፍሏል። ሽማግሌ ገብቶ፣ ካሣ ተከፍሎ፣ ተበዳይ «ይቅር ብያለሁ» ካለ ክሱ ይነሣል ተብሎ ይታመናል። ይህ የሚሠራው እንደ ስድብ፣ ቀላል የአካል ጉዳትና በትዳር ላይ መማገጥ ባሉ፣ በግል አቤቱታ ብቻ በሚያስከስሱ ወንጀሎች ላይ ነው። በእነዚህ ላይ አቤቱታው ተበዳዩ ድርጊቱንና ፈጻሚውን ካወቀበት ጊዜ ጀምሮ በሦስት ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። በነፍስ ግድያ፣ በአስገድዶ መድፈርና በጠለፋ ግን ክሱ የዐቃቤ ሕግ ነው፤ የቤተሰብ እርቅ አያስቀረውም። ጠለፋ ላይ ለውጡ ትልቅ ነበር። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊው ጠልፏት ካገባ ክሱ እንዲቀር ይፈቅድ ነበር። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ ይህን ሽሮ ጋብቻው ከወንጀል ኃላፊነት እንደማያድን ደነገገ፤ ቅጣቱንም ከ3 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት አደረገው። ሽማግሌ ደም በማድረቅና ቤተሰብን ከበቀል በማዳን የሚሠራው ሥራ ትልቅ ነው፤ እርቁና ካሣው ቅጣት ሊያቀሉ ይችላሉ። ክሱን ግን አያጠፉትም።

የልጆችን ጉዳይ በአጭሩ ለማየት ያህል፣ ዘጠኝ ዓመት ያልሞላው ልጅ በወንጀል አይጠየቅም። «ሕጉን አላውቅም ነበር» የሚለው ደግሞ ለአዋቂ መከላከያ አይሆንም።

«በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ምንም መብት የለም» የሚለው እምነት ከሁሉም ይበልጥ አደገኛ ነው፤ ሰውም ባለሥልጣንም ያምነዋልና። አዋጅ ሲታወጅ የ48 ሰዓቱን ጨምሮ በርካታ መብቶች ሊታገዱ ይችላሉ። ነገር ግን ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 93 አጣሪ ቦርድ እንዲቋቋም ያዛል፤ ቦርዱም የታሰሩትን ሰዎች ስምና የታሰሩበትን ምክንያት በአንድ ወር ውስጥ ለሕዝብ ይፋ ማድረግ አለበት። በሰላሙ ጊዜ ከሕግ ውጪ ሰውን ያሰረ የመንግሥት ሠራተኛ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 423 እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ይቀጣል። ጭካኔና ኢሰብአዊ አያያዝን የሚከለክለው የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 18 ግን በየትኛውም አዋጅ ሊታገድ አይችልም።