ለትምህርት ቤት የሙዚቃ ጓድ የሚስማማ ቤዝ ጊታር አመራረጥ

ዘንድሮ በሙዚቃ ክበባችን አባሎች መካከል ብዙ ክርክር ያስነሣው ጉዳይ የቤዝ ጊታር ግዥ ነው። አንዳንዶቹ አምስት ክር ያለውን፥ ቀለሙ የሚያብረቀርቀውንና ብዙ ቁልፍ ያለበትን ይፈልጋሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ አራት ክር ያለው ተራው ይበቃናል ይላሉ። ገንዘቡ ተማሪዎችና ወላጆች በጥቂት በጥቂቱ ያዋጡት ስለ ሆነ ሁለተኛ ጊዜ ለመግዛት አይቻልም። አዲስ አበባም ከሮቤ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚርቅ፥ ገዝተው ካመጡ በኋላ እንለውጠው ማለት ቀላል አይደለም። ስለዚህ አመራረጡን ባጭሩ ለመግለጽ እሞክራለሁ።

በመጀመሪያ ቤዝ ጊታር ምን ሥራ እንዳለው ማወቅ ይገባል። ቤዝ ለሙዚቃ ጓድ እንደ መሠረት ነው። የቤት መሠረት እንደማይታይ ሁሉ ቤዝም በጓዱ ውስጥ ጎልቶ አይሰማም፤ ነገር ግን ቢጠፋ ዜማው ይሣሣል፥ የሚጨፍረውም ሰው እግሩን የሚያሳርፍበት ምት ያጣል። ሥራው ሁለት ነው፤ ይኸውም ከድራሙ ጋር ምቱን መያዝና ለዜማው ወፍራሙን ድምፅ መስጠት ነው። ቀድሞ ይህን ሥራ በነሐስ ሙዚቃ ጓዶች ውስጥ ቱባ፥ በሌሎች ዘንድ ደግሞ ቆመው የሚጫወቱት ትልቁ ኮንትራባስ ይሠሩት ነበር። ኮንትራባስ ግን ለመሸከም የማይመች፥ ድምፁም በኤሌክትሪክ ጊታርና በድራም መካከል የሚዋጥ ነበር። ሊዮ ፌንደር የተባለ አሜሪካዊ መሣሪያ ሠሪ እ.ኤ.አ. በ1951 ፕሪሲዥን የተባለውን የኤሌክትሪክ ቤዝ ለገበያ ካወጣ ወዲህ፥ በብዙ አገር ያሉ ጓዶች ወደዚሁ መሣሪያ ዞሩ።

ከክበባችን አባሎች አንዳንዶቹ ስዋምፕ ሮክ የተባለውን የአሜሪካ ሙዚቃ ይወዳሉ። ስዋምፕ ማለት ረግረግ ሲሆን፥ ስሙ የሉዊዚያናን ረግረጋማ አገር ያስታውሳል። ስልቱ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ ነው። ቶኒ ጆ ዋይት የሉዊዚያና ተወላጅ ነበር፤ ክሪደንስ ክሊርዎተር ሪቫይቫል የተባለው ጓድ ግን ከካሊፎርኒያ ሆኖ ሳለ በዚሁ ስልት ስሙ ገነነ። በዚህ ሙዚቃ ውስጥ ቤዝ ብዙ አይናገርም። ጥቂት ድምፆችን ይዞ እነዚያኑ ደጋግሞ፥ ሳይቸኩል፥ ወፈር ባለ ድምፅ ይመላለስባቸዋል።

ይህ ጠባይ ለእኛም እንግዳ አይደለም። የዋልያስ ባንድን መላከ ገብሬን፥ የአይቤክስና ኋላም የሮሃ ባንድን ጆቫኒ ሪኮን በጥሞና ያዳመጠ ሰው ይህን ያስተውላል። ዋልያስ እ.ኤ.አ. በ1977 ባወጣው ቼ በለው በተባለው ሸክላ ውስጥ ቤዙ አጭር ሐረግ እየደጋገመ ኦርጋኑንና ሳክስፎኑን ተሸክሞ ይሄዳል። የእኛ ትዝታ፥ ባቲ፥ አምባሰልና አንቺ ሆዬ እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፅ የተሠሩ ናቸው፤ የጭክጭካ ምትም ስድስቱን ለሁለት ሦስት ሦስት ከፍሎ ይጓዛል። እንግዲህ ለሁለቱም ስልት የሚያስፈልገው መሣሪያ ፈጣን ጣት የሚያሳይበት ሳይሆን፥ ጥቂቱን ድምፅ ጥርት አድርጎና አወፍሮ የሚሰጥ ነው።

ይህን መሠረት አድርገን የሚከተሉትን እንመርምር።

1ኛ፤ የክሩ ብዛት። ባለ አራት ክሩ ሚ፥ ላ፥ ሬ፥ ሶል ተብሎ ይቃኛል። ከሁሉ የወፈረው ክር በሴኮንድ 41 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። በባለ አምስት ክሩ ላይ የሚጨመረው ወፍራም ክር ደግሞ 31 ጊዜ ያህል ይርገበገባል። ይህን ያህል ዝቅ ያለ ድምፅ ትንሽ ስፒከር አጥርቶ ሊያወጣው አይችልም፤ ስለዚህ በማንሰማው ክር ገንዘብ ማባከን ይሆናል።

2ኛ፤ የክሩ ርዝመት። የተለመደው 86 ሳንቲ ሜትር፥ አጭሩ 76 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። በአጭሩ ላይ ጣት ብዙ አይለጠጥም፤ ክሩም ለዘብ ስለሚል ድምፁ ክብ ይሆናል። ለታናናሽ ተማሪዎች ይህ ይስማማል።

3ኛ፤ ድምፅ መቀበያው። ከክሩ ሥር ያለው ማግኔት (ፒክአፕ) የክሩን እንቅስቃሴ ወደ ኤሌክትሪክ ይለውጣል። በመካከል አንድ ብቻ ያለው የፕሪሲዥን ዓይነት ወፍራምና ቀጥተኛ ድምፅ ይሰጣል። እ.ኤ.አ. በ1960 የወጣው የጃዝ ዓይነት ሁለት ስላሉት ድምፁን መለዋወጥ ይቻላል፤ ጀማሪ ግን ሳያውቅ አቅጥኖ ሊያስቀረው ይችላል።

4ኛ፤ ባትሪ። አንዳንዱ ቤዝ በውስጡ ባለ 9 ቮልት ባትሪ አለው። በብዙዎቹ ባትሪው ካለቀ ድምፁ ይጠፋል። በወላጆች በዓል ቀን እንዲህ ያለ ነገር ቢደርስ የሚያሳፍር ነው። ያለ ባትሪ የሚሠራው ይሻለናል።

5ኛ፤ ክርና ድምፅ ማጉያ። ላዩ ለስላሳ የሆነ ክር ድምፁ ለዘብ ያለ ሲሆን፥ ጣትንም አይፍቅም። ድምፅ ማጉያውም ለቤዝ የተሠራ መሆን አለበት፤ የተራ ጊታር ማጉያ ላይ አብዝቶ ቢለቁት ስፒከሩ ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ ገንዘቡ ሁሉ በጊታሩ እንዳያልቅ ከወዲሁ ለማጉያው መመደብ ያስፈልጋል።

ገዢው በሱቅ ሳለ ሊፈትናቸው የሚገቡም አሉ። አንገቱን ከጫፉ አነጣጥሮ በማየት አለመጣመሙን ያረጋግጥ። በአንገቱ ላይ ያሉትን ብረቶች ሁሉ አንድ በአንድ ይጫን፤ የሚንቀጫቀጥ ድምፅ እንዳለም ያዳምጥ። በ12ኛው ብረት ላይ የሚሰማው ድምፅ ክሩ ባዶውን ሲመታ ከሚሰጠው ጋር አንድ ሆኖ ከፍ ያለው መሆን አለበት፤ ካልተስማማ መሣሪያው መስተካከል ያስፈልገዋል። ገመዱ የሚሰካበትንም ነካ ነካ አድርጎ ድምፁ አለመቆራረጡን ይመልከት። አንገቱን የሚያቃናው የብረት ዘንግ በቁልፍ የሚዞር መሆኑንም ይጠይቅ፤ በእኛ ደጋ አገር የበልጉ እርጥበትና የበጋው ድርቀት ሲፈራረቁ እንጨት መለዋወጡ አይቀርምና።

እንግዲህ የእኔ አሳብ ባለ አራት ክር፥ አጭር፥ ያለ ባትሪ የሚሠራና ባለ አንድ ድምፅ መቀበያ ቤዝ ይገዛ የሚል ነው። አምስት ክር የሚፈልጉት ጓደኞቼ ጥሩ ተጫዋቾች መሆናቸውን አልክድም። ነገር ግን እነርሱም እኔም የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ነን፤ በሚመጣው ዓመት እዚህ አንገኝም። መሣሪያውን የሚይዙት ዛሬ በ9ኛ ክፍል ያሉት ታናናሾቻችን ናቸው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንደ ተባለው፥ ለዐይናችን ብለን ቸኩለን ብንገዛ፥ ጣታቸው የማይደርስበትን ዕቃ በመጋዘን ትተንላቸው እንሄዳለን። ስለዚህ ክበቡ ከመወሰኑ በፊት ታናናሾቻችንን ጠርቶ፥ የእጃቸውን መጠን አይቶ፥ አሳባቸውንም ሰምቶ ይግዛ።