ላንድሮቨሩ አልደከመም፤ አዲስ አበባ ከፍ ብላ ነው

ገርጂ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለ አንድ ጋራዥ ውስጥ የኮምፕሬሽን መለኪያ በአራቱ የካንዴላ ቀዳዳዎች ተራ በተራ ገብቶ 112፣ 115፣ 114 እና 85 አነበበ። የመኪናው ባለቤት የሆነው ጓደኛዬ ስልኩን ሲያገላብጥ ቆይቶ፣ «ደህና ሞተር 150 ማንበብ አለበት ይላል፤ እንግዲህ አራቱም ሞተዋል» አለና ባልዲ ገልብጦ ቁጭ አለ። ሁላችንም «ጋሼ» የምንላቸው አዛውንት መካኒክ ግን መለኪያውን በጨርቅ እየወለወሉ ሳቁ። «ሦስቱ ጤነኞች ናቸው። የታመመው አራተኛው ብቻ ነው። አንተን ያሳሳተህ ከፍታው ነው» አሉት።

ይህን ከሰማሁ ወዲህ ላገኘሁት ሰው ሁሉ ካላስረዳሁ እንቅልፍ አይወስደኝም። ዛሬ ተራው የእናንተ ነው።

ቦሌ ኤርፖርት ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው። እዚህ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ሞተር ደግሞ የሚያገኘውን አየር ስቦ ከማመቅ በቀር አየር አይፈጥርም። ገና ሲገባ የሳሳውን አየር ስምንት እጥፍ ቢያምቀውም፣ የሚወጣው ቁጥር ሞተሩን የሠሩት እንግሊዞች አገራቸው ላይ ከሚያነቡት ያንሳል። ሎንዶን ላይ 150 ፒኤስአይ የሚያነብ ሲሊንደር አዲስ አበባ ላይ 115 አካባቢ ያነባል። ስለዚህ እዚህ ከተማ ሞተር ስትለኩ አራቱን ቁጥሮች እርስ በርሳቸው አስተያዩ። ሦስቱ ተጠጋግተው አንዱ ከወደቀ፣ በሽታው የወደቀው ዘንድ ነው።

ቀጥሎ የመጣው ደግሞ የበለጠ አስገረመኝ። ጋሼ አንድ ማንኪያ የሞተር ዘይት በአራተኛው የካንዴላ ቀዳዳ አንጠባጠቡና እንደገና ለኩ። 85 የነበረው 108 ሆነ። «ፋሻው ነው» አሉ። ፒስተኑን የሚከብቡት ቀጫጭን የብረት ቀለበቶች ናቸው ፋሻ የሚባሉት። ዘይቱ በፋሻውና በሲሊንደሩ ግድግዳ መካከል ያለውን ክፍተት ለጊዜው ስለሚደፍነው አየሩ አላመልጥ ይላል። ቁጥሩ ባይነቃነቅ ኖሮ ጥርጣሬው ወደ ቫልቭ ወይም ወደ ቴስታታው (የሲሊንደሮቹ ክዳን) ጓርኒሲዮን ይዞር ነበር። አንድ ማንኪያ ዘይት ይህን ሁሉ ይናገራል!

አሁን መኪናውን ላስተዋውቃችሁ። ሲሪስ ሦስት ላንድሮቨር ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1971 እስከ 1985 የተሠራው ዓይነት። አያቱ ጂፕ ነው ብል አላጋነንኩም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የሮቨር ኩባንያ ዋና መሐንዲስ የነበረው ሞሪስ ዊልክስ፣ ዌልስ አገር አንግልሲ ደሴት በሚገኘው እርሻው ላይ ከጦርነት የተረፈ ዊሊስ ጂፕ ይነዳ ነበር። ይህች ጂፕ ስታረጅ ምን እተካለሁ ብሎ ያሰበው ነገር እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1948 አምስተርዳም የመኪና ትርኢት ላይ ላንድሮቨር ሆኖ ወጣ። አካሉ ከአልሙኒየም ቅይጥ የተሠራው ለውበት ብለው አይደለም፤ በዚያን ጊዜ እንግሊዝ ውስጥ ብረት በራሽን ነበር። ለዚህ ነው ዛሬም አሮጌ ላንድሮቨር ስታዩ ኮፈኑ ተጨረማምቶ እንኳ የማይዝገው፤ ዝገት የሚበላው ከሥር ያለውን የብረት ሻንሲ ነው። መኪናውን ልትገዙ ካሰባችሁ ተኝታችሁ ከሥር እዩ፤ ቀለሙን ተዉት።

ጋራዥ ውስጥ ያለውን ቋንቋም አስተውሉ። ካንዴላ፣ ቴስታታ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ኩሽኔታ፣ ማርሚታ፣ ካቻቢቴ፣ ዳዶ፣ ቡሎን፤ ሁሉም ጣሊያንኛ ነው። ጣሊያን በ1933 ዓ.ም. ተባሮ ወጣ፤ ቃላቱ ግን ከመፍቻው ጋር ቀሩ። እንግሊዝ የሠራውን መኪና በጣሊያንኛ ቃላት በአማርኛ ሰዋስው እንፈታዋለን። የእንግሊዝኛውን መመሪያ መጽሐፍ የሚያነበው ጓደኛዬና ጋሼ ለአንድ ሰዓት ያህል ስለ አንድ ዕቃ ሲከራከሩ ቆይተው ሁለቱም የሚያወሩት ስለ ኩሽኔታ (ቤሪንግ) መሆኑ የተገለጠው ዕቃው ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ነው።

ቴስታታው ሲወርድ የአራተኛው ሲሊንደር ግድግዳ ጥፍር የሚይዝ ጠርዝ አውጥቶ አገኘነው፤ ከላይ፣ ፋሻው ደርሶ ከሚመለስበት ቦታ ላይ። ሲሊንደር እኩል አያልቅም። ከላይ ፍንዳታው የሚበረታበት፣ ዘይት ደግሞ በደንብ የማይደርስበት ቦታ ስለሆነ እዚያ በብዛት ይበላል። አዲስ ሲሊንደር 90.47 ሚሊሜትር ስፋት አለው። ጋሼ በማይክሮሜትር ከላይ፣ ከመሐል፣ ከታች፣ ደግሞ በቁመትና በአግድም ለኩት፤ ለእያንዳንዱ ሲሊንደር ስድስት ቁጥር። ሞተር ማደስ ማለት አሮጌውን አውጥቶ አዲስ መክተት ይመስለኝ ነበር። ጊዜው የሚያልቀው በመለካት ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ለክተን አንድም ቡሎን አላጠበቅንም።

ከዚያ ብሎኩ ቶርኖ ቤት ሄደ። አራቱም ሲሊንደሮች ለሚቀጥለው የፒስተን ልክ ይሰፋሉ። አንዱን ብቻ ማስፋት አይሆንም፤ በልክና በክብደት የሚለያዩ ፒስተኖች አንድ ሞተር ውስጥ ቢገቡ ሚዛኑ ይዛባል። ፒስተኑንና ፋሻውን ፍለጋ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ወረድን። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ካገደ ወዲህ ያለውን ጠግኖ መያዝ የአንዳንድ ሰው ትርፍ ጊዜ ጨዋታ መሆኑ ቀርቷል። አንድ ሱቅ (የቱ እንደሆነ አልናገርም) «ኦሪጅናል» ብሎ የሸጠን ፋሻ ሲሊንደሩ ውስጥ ሲገባ አፉ ገጥሞ ቀረ። ይህን እቤታችሁም ልትሞክሩት ትችላላችሁ። ፋሻውን ለብቻው ሲሊንደሩ ውስጥ አስገብታችሁ በፒስተኑ ጀርባ ቀጥ አድርጋችሁ ግፉት፤ በሁለቱ ጫፎቹ መካከል ግማሽ ሚሊሜትር እንኳ የማይሞላ ክፍተት መኖር አለበት። ክፍተት ከሌለ ሞተሩ ሲሞቅ ብረቱ ተለጥጦ ጫፍ ለጫፍ ይጋጫል፤ ከዚያ ግድግዳውን ያርሰዋል። ፋሻው ተመለሰ፤ ገንዘቡ አልተመለሰም፤ ሌላ ተገዛ።

አሁን የምወደው ክፍል። ሞተሩ ስምንት ቫልቭ አለው። እያንዳንዳቸው 0.25 ሚሊሜትር ክፍተት ይፈልጋሉ፤ ክፍተቱ የሚለካውም ቫልቩ ሙሉ በሙሉ በተዘጋበት ቅጽበት ነው። የትኛው መቼ እንደተዘጋ እንዴት ይታወቃል? በዘጠኝ። ሞተሩን በእጅ እያዞራችሁ ስምንተኛው ቫልቭ ሙሉ በሙሉ ሲከፈት አንደኛውን ለኩ፤ ስምንትና አንድ ዘጠኝ ነው። ስድስተኛው ሲከፈት ሦስተኛውን፣ አራተኛው ሲከፈት አምስተኛውን፣ ሰባተኛው ሲከፈት ሁለተኛውን። ሁልጊዜ ድምሩ ዘጠኝ። ማንም ተአምር አልሠራም፤ 1-3-4-2 የሚለው የፍንዳታ ተራና የቫልቮቹ አደራደር ያመጣው ነው። ጋሼ ይህን «የዘጠኝ ሒሳብ» ለሁለት ልጆች ሲያስተምሩ አይቼ፣ እኔ ከሒሳብ አስተማሪዬ ይህን የመሰለ ምሳሌ አለማግኘቴ ቆጨኝ።

ከፍታው ወደ ኋላ ላይም ተመልሶ መጣ፤ ሁለቴ። አንደኛ በካርቡራተሩ። ዜኒት የሚባለው ካርቡራተር ቤንዚን የሚለካው ለወፍራም አየር ነው። እዚህ አየሩ ሲሳሳ ቤንዚኑ በዚያው መጠን ስለማይቀንስ ድብልቁ ቤንዚን ይበዛበታል፤ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል፤ መኪናው ይጠጣል እንጂ አይሮጥም። በአንድ ቁጥር ያነሰ የቤንዚን ቀዳዳ ተገጠመለት። የካንዴላው ጫፍ ከጥቁር ወደ ቀላ ያለ ቡና ሲለወጥ በዓይናችን አየን። ማቀጣጠያውም ጥቂት ቀደም እንዲል ተደረገ፤ የሳሳ ድብልቅ ሲነድ ቀስ ስለሚል። ይህ ሁሉ ተደርጎም ሞተሩ ከተጻፈለት ኃይል ሩብ ያህሉን እዚህ አያገኝም። በዚህ የሚናደድ ሰው ጅማ ወይም ድሬዳዋ ይውረድ።

ሁለተኛ በውሃው። አዲስ አበባ ውስጥ ውሃ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ምስር የምትቀቅል እናት ሁሉ ታውቀዋለች። የራዲያተሩ ክዳን ውስጥ ያለው ጎማና ሞላ ግፊት ይዞ ውሃው ከ100 ዲግሪ በላይ ሳይፈላ እንዲቆይ ያደርጋል። ያ ጎማ ከደረቀ ግፊቱ ያመልጣል፤ ውሃው በ92 ይፈላል፤ ቴስታታው ይጠመማል። ትንሿ ክዳን አርጅታ ስንት ሞተር በላች! ብዙ መካኒክ ደግሞ ሙቀት በፈራ ቁጥር ቴርሞስታቱን ነቅሎ ይጥላል። እዚህ ላይ ከብዙዎቹ ጋር አልስማማም። ቴርሞስታት የሌለው ሞተር በአዲስ አበባ ጠዋት ብርድ ሳይሞቅ ይውላል፤ ያልነደደ ቤንዚን ዘይቱን ያቀጥናል፤ አዲሱ ፋሻም ያለ ዕድሜው ያረጃል። ክዳኑን ቀይሩ፤ ቴርሞስታቱን ተዉት።

ኃይሉ ወደ ጎማ የሚሄድበትን መንገድ በአጭሩ ልንገራችሁ። ከሞተሩ ወደ ፍሪሲዮን፣ ወደ ካምቢዮ፣ ከዚያ ለፊትና ለኋላ ወደሚያከፋፍለው ትራንስፈር፣ በክሮቸራ (የረጅሙ ዘንግ መገጣጠሚያ) በኩል ወደ ዲፈረንሻል ይሄዳል። ቀዩን እጀታ ስባችሁ በከባዱ አንደኛ ማርሽ ስትሄዱ ሞተሩ 40 ጊዜ ያህል ሲዞር ጎማው የሚዞረው አንድ ጊዜ ነው። የተነጠቅነውን ሩብ ኃይል የሚክሰን ይህ ነው፤ ዳገት ላይ ኃይል ያነሰው ሞተር በቀስታ ይወጣዋል። ራሱ ቢጫ የሆነው እጀታ አራቱንም ጎማ ያገናኛል፤ ግን በፊትና በኋላ መካከል ልዩነት የሚያቻችል ዲፈረንሻል የለም። መኪና ሲታጠፍ የፊት ጎማ ከኋላው የበለጠ ርቀት ይጓዛል። ጭቃ ላይ ጎማው ተንሸራትቶ ልዩነቱን ያቻችላል፤ ቦሌ መንገድ አስፋልት ላይ ግን መንሸራተት ስለሌለ ዘንጎቹ እንደ እርጥብ ልብስ ይጠመዘዛሉ። ስለዚህ ቢጫዋ ለታይታ አትነካም።

መጀመሪያ የሚሰበረው ከኋላ ዲፈረንሻል ወደ ጎማ የሚሄደው ዘንግ ነው፤ በዚህ ላንድሮቨር ስሙ የታወቀ ነው። ደስ የሚለው፣ መኪናው ክሪክ ሳያስፈልገው ስድስት ቡሎን ፈትታችሁ ዘንጉን ትመዙታላችሁ፤ የመኪናው ክብደት ያለው እሱ ላይ ስላልሆነ። መለዋወጫ ከሌለ ቢጫዋን ተጭናችሁ በፊት ጎማ ቤታችሁ ትገባላችሁ። የቀሩት ክሮቸራዎች ናቸው። መኪናውን አቁሞ፣ ጎማውን ደግፎ፣ ረጅሙን ዘንግ በእጅ ግራ ቀኝ ማወዛወዝ ነው። ቋ ካለ ይቀየራል። የእኛ ሁለቱ ቋ አሉ።

ሞተሩ ሐሙስ ማታ ተነሣ። ከመገናኛ በሲኤምሲ ወደ አያት፣ ከአያት ወደ ሰሚት፣ በጎሮ ተመልሰን ነዳነው፤ ሳናስጨንቀው፣ ግን ቆሞ እንዲንተከተክም ሳንተወው። አዲስ ፋሻ ከግድግዳው ጋር የሚገጥመው መጠነኛ ጭነት ሲያገኝ ነው። ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ዘይቱ ይደፋል። ሰሞኑን ደግመን ስንለካው 121፣ 120፣ 122፣ 121 አነበበ፤ ጓደኛዬም ስልኩን ከኪሱ አላወጣም።

ከመስቀል በኋላ ባለው ቅዳሜ ወደ የረር ተራራ ሥር እንወጣለን። ዝናቡ ገና ማለቁ ስለሆነ ሜዳው ዋልካ ነው፤ ጎማ ላይ ተለጥፎ አራት እጥፍ የሚያወፍረው ጥቁር አፈር። ጠዋት 12 ሰዓት የረር በር ላይ እንገናኝ። ገመድና አካፋ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ የካንዴላ መፍቻ እኔ አለኝ።