ሥራው ካርዱ ላይ ይጻፍ

ጎጃም በረንዳ ወዳለው የጥብቅና ቢሮዬ የሚመጡ ሐዘንተኛ ቤተሰቦች በፌስታል ይዘውት የሚመጡት ወረቀት ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ነው፤ የክሊኒክ ካርድ፣ የተጠቀለለ ራጅ፣ የመድኃኒት ማዘዣ፣ መታወቂያ። ካርዱ ሳል፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የክብደት መቀነስ ይላል። ሟቹ ዕድሜውን የጨረሰበትን ጋራዥ የሚጠቅስ አንድ መስመር ግን በዚያ ሁሉ ወረቀት ውስጥ አይገኝም። በሥራ ጉዳት ካሳ ክርክር የምንሸነፈው አብዛኛውን ጊዜ እዚህች ላይ ነው።

ከአውቶቡስ ተራና ከመርካቶ ጋራዦች የሚመጡትን ጉዳዮች በተለይ ላንሳ። የአውቶቡስ ፍሬን የሚሠራ መካኒክ ጎማውን አውልቆ ታምቡሩን ሲያወጣ፣ ውስጡ ያለቀው ሸራ የተወው ግራጫ ብናኝ ተጋግሮ ይገኛል። ኮምፕረሰር ደግኖ እፍ ያደርገዋል። ብናኙ ተነሥቶ ፊቱን ያለብሰዋል፤ መፍቻ የሚያቀብለው ልጅም አጠገቡ ቁጢጥ ብሎ አብሮ ይስባል። አዲሱ ሸራ ከተመታ በኋላ ጠርዙ ይሞረዳል፤ ያም ሌላ ብናኝ ነው። የፍሬንና የፍሪሲዮን ሸራ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት አስቤስቶስ በሚባል፣ ብናኙ በሽታ በሚያመጣ ማዕድን ሲሠራ ኖሯል። ማታ ቱታው ቤት ይገባል፤ አራግፋ በእጇ የምታጥበው ሚስት ናት። በሌሎች አገሮች ጋራዥም ፋብሪካም ረግጠው የማያውቁ፣ የባላቸውን የሥራ ልብስ በማጠብ ብቻ የታመሙ ሴቶች አሉ። ስለዚህ አንዲት ባለቤቷ የሞተባት እናት ፊቴ ተቀምጣ ስታስል፣ ከካሳው ጥያቄ በፊት እሷ ራሷ ተመርምራ እንደሆነ እጠይቃለሁ።

የአስቤስቶስ በሽታ ቶሎ አይታይም። ሜዞቴሊዮማ የሚባለው የሳንባን ሽፋን የሚይዝ ካንሰር ብናኙ ከተሳበ ከ20 እስከ 50 ዓመት ቆይቶ ሊወጣ ይችላል። ሲጋራ አያመጣውም፤ ይህን የምለው «ያጨስ ነበር» የምትለው መልስ ከአሠሪዎች አፍ ስለማትጠፋ ነው። በሽታው እስኪወጣ ድረስ ጋራዡ ተሽጧል፣ ባለቤቱ ሞቷል፣ ቦታው ላይ ሕንፃ ቆሟል።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለእነዚህ ቤተሰቦች ከሚገምቱት በላይ ያስብላቸዋል። አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም በሥራ ምክንያት ለሚመጣ በሽታ ኃላፊ ነው። የሥራ ውሉ በጽሑፍ አለመሆኑ የሠራተኛውን መብት አያስቀርም። ጉዳቱ ደረሰ የሚባለውም ብናኙ የተሳበበት ዘመን ሳይሆን ሠራተኛው መሥራት ያቃተው፣ ወይም ሐኪም በሽታውን መጀመሪያ ያወቀበት፣ ወይም የሞተበት ቀን ነው። በአንድ የሥራ መስክ በተሰማሩ ሰዎች ላይ ብቻ የሚያዘወትር በሽታ፣ ሠራተኛው በዚያ ሥራ ላይ መሰማራቱ ከታወቀና ሐኪም ካረጋገጠው፣ ተቃራኒ ማስረጃ እስካልቀረበ ድረስ በሥራ ምክንያት እንደመጣ ይገመታል። እነዚህን የመጨረሻዎቹን ሁለቱን የሚለው አንቀጽ 98 ነው። ያው አንቀጽ ታዲያ በአካባቢው የሚዛመቱ ተላላፊ በሽታዎችን ከሥራ በሽታ ውጭ ያደርጋል። ካርዱ ላይ «ቲቢ» ተብሎ ከቀረና ሥራው ካልተጻፈ፣ የአሠሪው ጠበቃ ያችን ቃል ይዞ ይቆማል። ለቲቢ መድኃኒት ወስዶ ያልተሻለውን ሰው ሐኪሙ «ምን ሥራ ነው የምትሠራው? ስንት ዓመት?» ብሎ ጠይቆ መልሱን ቢጽፍለት፣ እኔ ችሎት ቆሜ ከምናገረው ሁሉ ይበልጣል።

ሌላው ጠላታችን ይርጋ ነው። ከሥራ ግንኙነት የሚነሣ ክስ፣ የተለየ ጊዜ ካልተወሰነለት በቀር፣ በአንድ ዓመት ይታገዳል። የእኛ ቤተሰብ ደግሞ አፈሩ ሳይደርቅ ስለ ብር ማውራትን ነውር ያደርገዋል። አርባው ይውጣ፣ ተዝካሩ ይድረስ፣ ሙት ዓመቱ ይለፍ ይባላል። ሙት ዓመቱ ሲያልፍ የክሱም ዓመት አብሮ ያልፋል። ይህን ለቅሶ ቤት ደፍሮ የሚናገር የእድር ዳኛ ቢኖር ስንት ሕፃን ትምህርቱን ባላቋረጠ ነበር!

የሥራ ማስረጃ ፍለጋውም ቀላል አይደለም። የሟቹን ሚስት «የት ነበር የሚሠሩት?» ስላት «ምኑን አውቄው፣ ጋራዥ ነው የሚውለው» ትለኛለች። ባልደረቦቹ ያውቃሉ፤ ዛሬም እዚያው ስለሚሠሩ ግን ምስክር ለመሆን ይፈራሉ፤ አልፈርድባቸውም። የጋራዥ ሠራተኞች የእድርና የእቁብ መዝገብ ብዙ ጊዜ ያድነናል፤ ማን ከማን ጋር በየትኛው ዓመት እንደሠራ በእነሱ እጅ ተጽፎ ይገኛል። መካኒክ ከጋራዥ ጋራዥ ስለሚዘዋወር ደግሞ «ከየትኛው ነው የታመመው?» የሚል ጥያቄ ይመጣል። የእንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2002 በፌርቻይልድ ጉዳይ ይኸው ጥያቄ ቀርቦለት፣ ሠራተኛው ብናኙን የሳበው በየትኛው አሠሪ ዘንድ እንደሆነ ለይቶ ማስረዳት ባይቻልም ለአደጋው ያጋለጡት አሠሪዎች ሊጠየቁ ይገባል ብሏል። ያ ውሳኔ እኛን አያስገድድም፤ ፍትሐዊነቱ ግን ለእኔ አያጠራጥርም።

ሠራተኛው በጡረታ ሕግ ካልተሸፈነ፣ ለጥገኞቹ የሚከፈለው የአምስት ዓመት ደመወዙ ነው። በወር 4,000 ብር ያገኝ የነበረ ሰው ቤተሰብ 240,000 ብር ይደርሰዋል፤ ግማሹ የትዳር ጓደኛው ነው፣ ዕድሜያቸው ከ18 ዓመት በታች የሆኑ ልጆችና ይጦራቸው የነበሩ ወላጆች ደግሞ እያንዳንዳቸው 10 በመቶ ያገኛሉ። ለኑሮ ውድነቱ ትንሽ ነው፤ ለቤት ኪራይና ለደብተር ግን ብዙ ነው።

ቤታችሁ የሚያስል መካኒክ፣ ወፍጮ ቤት የዋለ ወይም ሲሚንቶ የተሸከመ ሰው ካለ፣ መናገር በሚችልበት ጊዜ የሠራባቸውን ቤቶች ስም፣ የባለቤቶቹን ስምና ዓመቱን በደብተር ጻፉ፤ አብረውት የሠሩትንም ጨምሩ። ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ ሥራው ካርዱ ላይ እንዲጻፍ ጠይቁ። ሰውየው ካረፈ ደግሞ ተዝካሩን አትጠብቁ፤ በዚያው ወር ወደ ጠበቃ ሂዱ።