እምቢ ላለ ባት፦ ከጎረቤላ ዳገት ያመጣነው ትምህርት

ጂም የሚመላለስ ወጣት ቤትዎ ካለ ይህን ሳያስተውሉ አልቀሩም። ደረቱ ይሰፋል፣ ክንዱ ይሞላል፣ የሸሚዙ እጅጌ ይጠበዋል፤ እግሩን ግን ከረጅም ሱሪ አያወጣም። ሐዋሳ ሐይቅ ዳር፣ በጠራራ ፀሐይ እንኳ ቁምጣ አይለብስም። የሚደብቀው ባቱን ነው። ላዩ እያደገ ባቱ ግን እንደነበረው ቀርቶበታል።

የእኔም የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ እንዲሁ ነበር። ዓመት ከመንፈቅ ጂም ተመላልሷል። ጓደኞቹ «ከላይ አንበሳ፣ ከታች ሽመላ» እያሉ ሲቀልዱበት እኔም አብሬ ስቄ አውቃለሁ። ዛሬ ሳስበው ይቆጨኛል። አንድ ማታ ደብተሩ ውስጥ የመርፌ ዋጋ የተጻፈበት ቁራጭ ወረቀት አገኘሁ። አንድ የሚያውቀው ታላቅ ልጅ «ባት በስፖርት አያድግም፤ በመርፌ ነው» ብሎት ኖሯል።

ያን ማታ ብዙ አልተነጋገርንም። መልሱን ያገኘነው ከሳምንታት በኋላ፣ ሁለታችንም ባላሰብነው ቦታ ነው።

ዳገቱ ላይ የሆነው

ባለፈው ጥር ለዘመድ ሠርግ ጎረቤላ ሄድን። ጎረቤላ የአንኮበር ወረዳ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ ደብረ ብርሃን 130 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ከዚያ ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲነዱ ሜዳው ድንገት ያልቅና መሬቱ ወደ አፋር ቆላ ይወርዳል። የሸዋ ነገሥታት የተቀመጡበት፣ አፄ ምኒልክም ወደ እንጦጦ ከመዛወራቸው በፊት የነበሩበት የአንኮበር ኮረብታ እዚያው ነው። ከቆላው የአልዩ አምባ ገበያ ነጋዴው በቅሎና አህያ እየነዳ የሚወጣው በዚሁ ዳገት ነበር። ዛሬም ከታች ያሉ ሰዎች ሸክማቸውን ይዘው በእግራቸው ይወጡታል።

ልጄ ከአያቱ እህት ጋር ከከተማው በታች ወዳለ ዘመድ ቤት ወረደ። እሳቸው ሰባ ዓመት አልፏቸዋል። ሲመለሱ እህል በጀርባቸው አዝለው ነበር፤ ልጁ ባዶ እጁን ነው። አራት ጊዜ ቆሞ አረፈ። እሳቸው አንድ ጊዜም አልቆሙም፤ እንዲደርስባቸው ብቻ ቀስ አሉለት።

በማግሥቱ ጠዋት የቤቱን ደረጃ ግድግዳ ይዞ፣ ወደ ጎን እየተራመደ ወረደ። ዓመት ከመንፈቅ በማሽን ሲያሠራው አንድም ቀን ያልታመመ ባቱ በአንድ ዳገት ተያዘ።

«ምነው ልጄ፣ ባትህ አኮረፈብህ?» አሉት እየሳቁ።

«እማማ፣ እርስዎ ምን እየበሉ ነው?»

«ምን እበላለሁ፤ መንገዱ ነው እንጂ።»

ባት ለምን እምቢ ይላል?

ባት አንድ ጡንቻ አይደለም። ከውጭ በሁለት ጎን ጎልቶ የሚታየው ጋስትሮክኒሚየስ ይባላል፤ ከጉልበት በላይ ካለው አጥንት ይነሣል። ከሥሩ የተነጠፈው ሰፊ ጡንቻ ሶሊየስ ነው፤ እሱ የሚነሣው ከጉልበት በታች ነው። ሁለቱም በአንድ ወፍራም ጅማት፣ በአኪለስ፣ ተረከዝ ላይ ይታሰራሉ።

ለእምቢታው የመጀመሪያው ምክንያት ልማድ ነው። በየቀኑ በሺህ የሚቆጠሩ እርምጃዎች እንራመዳለን፤ እያንዳንዱን እርምጃ ባት ይገፋዋል። በተለይ ሶሊየስ ቀስ ብለው የሚደክሙ ክሮች የበዙበት ስለሆነ ቀላል ሥራ አያስደንቀውም። በጂም መጨረሻ ላይ ለይስሙላ የምትሠራ ሃያ ድግግሞሽ ለእሱ ወደ ታክሲ እንደ መሄድ ናት።

ሁለተኛው ምክንያት ጅማቱ ነው። አኪለስ እንደ ላስቲክ ተለጥጦ ይመለሳል። በጣት ላይ ፈጠን ፈጠን እያሉ ሲዘሉ የሥራውን ጥቂት የማይባል ክፍል የሚሠራው እሱ ነው። ልጄ ለዓመት ከመንፈቅ ሲያደርግ የነበረው ይህንኑ ነው፤ ብዙ ክብደት ጭኖ አጭር አጭር መንጠር።

ሦስተኛው ውርስ ነው፤ ይህን መደበቅ አይገባም። አንዳንዱ ሰው ረጅም ጡንቻና አጭር ጅማት፣ ሌላው አጭር ጡንቻና ረጅም ጅማት ይዞ ይወለዳል። ጡንቻው ከፍ ብሎ የሚያልቅበት ሰው የቱንም ያህል ቢሠራ ባቱ እስከ ቁርጭምጭሚቱ አይሞላም። መወፈር ግን ይችላል።

ዳገቱ የሚያደርገው ምንድን ነው? ሽቅብ ሲወጡ ተረከዝ ከጣት ዝቅ ይላል። ባት ተለጥጦ ሳለ የሰውነትን ሙሉ ክብደት፣ ካለም ሸክሙን ይጨምርና ቀስ ብሎ ይገፋል፤ ለመንጠር ፋታ የለም። ልጄ ጂም ውስጥ የዘለለው ያንን የታችኛውን ክፍል ነበር።

ጥናቶቹም የሚሉት ከዚህ ጋር ይገጥማል። እ.ኤ.አ. በ2023 በታተመ አንድ ጥናት 42 ወጣት ሴቶች ለ8 ሳምንታት የባት ስፖርት ሠሩ። ባታቸው በተለጠጠበት በታችኛው ግማሽ ብቻ የሠሩት የውስጥ ጎኑ ጡንቻ 15 በመቶ ያህል ሲወፍር፣ በላይኛው ግማሽ ብቻ የሠሩት ግን ከ4 በመቶ በታች ነበር። በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ጥናት 14 ሰዎችን አንዱን እግር ቆመው፣ ሌላውን ተቀምጠው ለ12 ሳምንታት አሠራ። በቆሙበት እግር ጋስትሮክኒሚየስ በግልጽ ሲያድግ በተቀመጡበት ምንም አላደገም ማለት ይቻላል። ጉልበት ሲታጠፍ ይህ ጡንቻ ስለሚላላ ነው። ሶሊየስ ግን በሁለቱም በኩል በተቀራራቢ መጠን አድጓል።

በቤትዎ ደረጃ ላይ

ማሽን አያስፈልግዎትም። የኮንዶሚኒየም ደረጃና የሚይዙት ብረት ይበቃል።

በጣቶችዎ ሥር ባለው የእግርዎ ክፍል ደረጃው ጫፍ ላይ ይቁሙ፤ ተረከዝዎ አየር ላይ ይሁን። ጉልበትዎን ቀጥ ያድርጉ። ሦስት እየቆጠሩ ተረከዝዎን ወደ ታች ያውርዱ። ባትዎ ሲሳብ እዚያው ሁለት ይቁጠሩ፤ ላስቲኩ የሚረግበው ያኔ ነው። ከዚያ ሳይነጥሩ እስከ መጨረሻው ይውጡና አንድ ቆጥረው ይመለሱ። ከ10 እስከ 15 ድግግሞሽ አንድ ዙር ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት ከሁለት ዙር አይለፉ፤ አለዚያ እንደ ልጄ ግድግዳ ይዘው ይወርዳሉ። ከዚያ ወደ ሦስትና አራት ዙር ያሳድጉት፤ በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን፣ በመሐል ዕረፍት እየሰጡ። ሌላ ስፖርት የሚሠሩ ከሆነም ባትን አስቀድሙት፤ መጨረሻ ላይ የሚቀር ነገር ሁልጊዜ ይዘለላል።

በሁለት እግር 15 ሲቀልዎ በአንድ እግር ይሥሩ፤ ክብደቱ በአንድ ጊዜ እጥፍ ይሆናል። እሱም ሲቀል ጀሪካን ይያዙ። አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ስለሆነ በአምስት ሊትር ጀምሮ ቀስ በቀስ መጨመር ይቻላል። ሙሉውን መውጣት ሲያቅትዎ አያቁሙ፤ ከታች በኩል አምስት ስድስት ትንንሽ ግፊት ያክሉ። ለሶሊየስ ደግሞ ተቀምጠው ጉልበትዎ ላይ የጤፍ ከረጢት አድርገው ሁለት ዙር ቢጨምሩ ጥሩ ነው።

ብዙ ክብደት ይሻላል ወይስ ብዙ ድግግሞሽ? እ.ኤ.አ. በ2020 የወጣ ጥናት አንዱን እግር ከ6 እስከ 10፣ ሌላውን ከ20 እስከ 30 ድግግሞሽ አሠርቶ ተመሳሳይ ዕድገት አግኝቷል። ስለዚህ የሚመችዎን ይምረጡ፤ መጨረሻው ድግግሞሽ ግን የምር ያስቸግርዎ።

ከጎረቤላ ስንመለስ ልጄ የጠየቀኝን እርስዎም ሳይጠይቁ አይቀሩም። «የእማማ ባት እንደ ገመድ ጠንካራ ነው፤ ግን እኮ ወፍራም አይደለም።» እውነቱን ነው። ዳገቱ ያው፣ ሸክሙም ያው ነው፤ ሰውነት ለለመደው ሥራ የሚበቃውን ያህል ይጠነክርና ያቆማል። ለመወፈር ክብደቱ ከወር ወር መጨመር፣ ምግቡም መከተል አለበት።

ስለ ምግቡ፦ ጡንቻ ለማሳደግ ለሚሠራ ሰው በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ 1.6 ግራም ያህል ፕሮቲን ይበቃዋል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ልጅ 96 ግራም ገደማ ማለት ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም፣ አንድ ብርጭቆ ወተት 8 ግራም፣ መቶ ግራም ደረቅ ምስር ወይም ባቄላ 25 ግራም ያህል አለው። በጾም ወራት ሽሮውን ወፈር፣ ምስሩንና ባቄላውን በዛ ማድረግ ነው። ውድ የቆርቆሮ ዱቄት የግድ አይደለም።

መርፌውስ?

ልጅዎ ጂም የሚሄድ ከሆነ ይህን ሳይነጋገሩ አይደሩ። ለጡንቻ ተብለው በድብቅ የሚሸጡት የሆርሞን መርፌዎች በልብና በጉበት ላይ ጉዳት ያደርሳሉ፤ የወንድ ልጅ ሰውነት ራሱ የሚሠራውን ሆርሞን ያዳክማሉ። ቁመቱን ባልጨረሰ ልጅ ላይ ደግሞ አጥንቱ ያለጊዜው ማደጉን እንዲያቆም ሊያደርጉ ይችላሉ። ባቱን ብሎ ቁመቱን ያጣል።

ለልጄ ሁለት ታሪክ ነገርኩት። አንደኛው የአርኖልድ ሽዋዚንገር ነው። በወጣትነቱ ደካማ ጎኑ ባቱ ነበር። እንደ ራሱ አነጋገር የስፖርት ሱሪውን ከጉልበት በታች ቆርጦ፣ ሰው ሁሉ እንዲያየው እያደረገ ይሠራ ነበር፤ ማፈሩ እንዲያተጋው። እንግዲህ ሱሪ ማሳጠር እንጂ ማስረዘም መፍትሔ አልሆነለትም።

ሁለተኛው የሸዋው ልጅ የአበበ ቢቂላ ነው። ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. ሮም ላይ ማራቶንን በባዶ እግሩ ሮጦ ሲያሸንፍ ፎቶውን ይመልከቱ፤ እግሩ ቀጭን ነው። ከእግር ታችኛው ጫፍ የተጨመረ ክብደት ሯጭን ያደክማል፤ የታላላቅ ሯጮቻችን ባት ቀጭን የሆነው ደካማ ሆኖ አይደለም። ባት ማሳደግ ያማረው ያሳድግ፤ ቀጭን ነው ብሎ ግን ማንም ሊያፍር አይገባም። እኔም መሳቄን ይቅርታ የጠየቅኩት ያን ዕለት ነው።

ለቤተሰቡ ሁሉ

ይህ ስፖርት ለጎረምሳ ብቻ አይደለም። ባት በተኮማተረ ቁጥር ደም ከእግር ወደ ልብ ይመልሳል፤ አንዳንድ ሐኪሞች «ሁለተኛው ልብ» የሚሉት ለዚህ ነው። ቀኑን ቢሮ ተቀምጠው የሚውሉ፣ ማታ እግራቸው የሚያብጥ አባትና እናት ቡና እስኪፈላ አንድ ዙር ቢሠሩ አይጎዱም።

ሦስት ነገር ግን ልብ ይበሉ። እየሠሩ ሳለ ከኋላ የተመቱ ያህል ድንገተኛ ሕመም ከተሰማዎ ወዲያው ያቁሙ፤ ጡንቻ ወይም ጅማት ተቀዶ ሊሆን ይችላል። ተረከዝ አጠገብ ጠዋት ጠዋት የሚያም ከሆነ ክብደቱን ይቀንሱ። ስፖርት ሳይሠሩ አንዱ ባት ብቻ ካበጠ፣ ከሞቀና ካመመ ደግሞ አያሹት፤ በደም ሥር የረጋ ደም ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሐኪም ይይዎ።

ውጤቱን በመስታወት አይለኩ፤ ባት ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው። በወር አንድ ቀን ጠዋት የልብስ ሰፊ ሜትር ወፍራሙ ቦታ ላይ ይጠምጥሙና ይጻፉ። የእኛ ቤት ቁጥሮች ኩሽና በር ላይ በእርሳስ ተጽፈዋል። በአምስት ወር አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል ጨምሯል። ትንሽ ይመስላል፤ በዓመት ከመንፈቅ ግን አንዲት ሚሊ ሜትር አልጨመረም ነበር።

ልጄ ለክረምቱ ተመልሶ ጎረቤላ መሄድ ይፈልጋል። የአያቱን እህት እህል ራሱ ሊሸከም ቃል ገብቷል። እሳቸው በስልክ ሰምተው «ይምጣ፣ ዳገቱ የት ይሄዳል» ብለዋል።