ሃይድሮጅንን ብረት ውስጥ ማስቀመጥ፦ መብራት ለሚጠፋበት ጤና ጣቢያ

በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ እኛ ጋ ሲደርስ መብራት ለሳምንታት እንደጠፋ የሐይቅና የአምባሰል ሰው አይረሳውም። ጀነሬተር ቢኖር ናፍጣው ከየት ይመጣል? ክትባት ደግሞ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ካልተቀመጠ ይበላሻል።

ዛሬ ለእንዲህ ያለ ጊዜ የሚሆን አንድ መላ እናካፍላችሁ። ቀን በሶላር ኃይል ከውኃ ሃይድሮጅን ይመረታል፤ ሲያስፈልግ ፊውል ሴል የሚባለው መሣሪያ ሃይድሮጅኑን ከአየሩ ኦክስጅን ጋር አዋህዶ መብራት ይሰጣል። ጭስ የለውም፣ የሚወጣው ውኃ ነው።

ጣጣው ማስቀመጫው ላይ ነው። የመኪና ታንኮች ጋዙን እስከ 700 ባር አምቀው ነው የሚይዙት። ከላንታነምና ከኒኬል የተሠራ የብረት ዱቄት ግን ከ10 ባር ባነሰ ግፊት እንደ ስፖንጅ ይመጠዋል። ሲመጥ ይሞቃል፤ እንዲለቅ ደግሞ ማሞቅ ያስፈልጋል። ስለዚህ ታንኩ ቢያፈስ እንኳ ዱቄቱ እየቀዘቀዘ ስለሚሄድ ጋዙ ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው። ለማሞቂያ ፊውል ሴሉ ራሱ የሚያወጣውን ሙቀት መጠቀም ይቻላል።

100 ኪሎ ዱቄት የሚይዘው 1.4 ኪሎ ገደማ ሃይድሮጅን ብቻ ነው። ለመኪና ከባድ ነው፤ ግቢ ጥግ ለሚቀመጥ ግን ክብደት ምን ቸገረው? ከዚያ ወደ 20 ኪሎዋት ሰዓት ይገኛል፤ በቀን 1 ኪሎዋት ሰዓት የሚበላ ፍሪጅ 20 ቀን ይሠራበታል። የሚፈልገው ንጹሕ ውኃ 13 ሊትር ቢሆን ነው፤ ሐይቃችን አይጎድልም!

ዋጋው ግን ገና ውድ ነው፤ ከሶላር ከገባው ኃይልም ከግማሽ በላይ በመሃል ይባክናል። ለሁለት ሦስት ሰዓት መቋረጥ ባትሪ ይሻላል ባይ ነን። ይሄኛው የሚያዋጣው መንገድ ተዘግቶ ናፍጣ ለቀናት ሲጠፋ ነው።